ለሬሳ ከማዋጣታችን በፊት

ጁባ ውስጥ፣ ጀበል ሰፈር የሚኖረው አበሻ አብዛኛው መንገደኛ ነው። ሆቴል ይሠራል፣ ሱቅ ይቆማል፣ ዕቃ ያመላልሳል፤ ልቡ ግን ሌላ አገር ነው። አንዱ ዲቪ ይሞላል፣ አንዱ ከካናዳ ስፖንሰር ይጠብቃል፣ ሌላው ጀርመን ያለች ሚስቱ የጀመረችለትን ጉዳይ ይከታተላል። ማታ ማታ ቡና ላይ ስንገናኝ ከሚያማርሩን ነገሮች አንዱ ታዲያ ኢንሹራንስ ነው። «ጋሼ፣ እኔ እንደሆነ ጤነኛ ነኝ። አገራቸውን ገና በዓይኔ ሳላየው የበሽታ ክፈል የሚሉኝ ምን ቤት ሆነው ነው?» አለኝ አንዱ ጎረቤቴ።

ምሬቱ መሠረት የለውም አልልም። የሸንገን ቪዛ ለጥቂት ቀን ጉብኝት እንኳ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይጠይቃል። ካናዳ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ለሚመጡ ወላጆች በምትሰጠው ሱፐር ቪዛ ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የአንድ ዓመት የሕክምና መድን ካላየች ማመልከቻውን አትቀበልም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከቪዛው ዋጋ ሌላ የጤና ክፍያ ታስከፍላለች። ሲጀመር በዓመት 200 ፓውንድ ነበር፤ ከ2024 ወዲህ ለአንድ አዋቂ 1,035 ሆኗል። የአምስት ዓመት ቪዛ የሚጠይቅ ሰው 5,175 ፓውንድ አስቀድሞ መቁጠር አለበት ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ፣ አምስት ዓመት በሕጋዊ መንገድ ኖሮ የረጅም ጊዜ ነዋሪነት የሚጠይቅ የውጭ ዜጋ ቋሚ ገቢና የጤና መድን እንዳለው እንዲያሳይ ያስገድዳል።

ግን ጥያቄው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። መድን አምጣ የሚልህ አገር ሁለት ነገር ሊያስብ ይችላል። አንዱ በሩን ሊዘጋብህ ፈልጎ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ያወጡት ትእዛዝ ለእኔ ከዚህ ወገን ነው። አሜሪካ በገባ በ30 ቀን ውስጥ የጤና መድን እንደሚኖረው ወይም ሕክምናውን ከኪሱ መክፈል እንደሚችል ያላሳየ ሰው የስደተኛ ቪዛ አይሰጠው ይል ነበር። ገና ሥራና ቤት የሌለው የዲቪ ዕድለኛ ይህን ከየት ያመጣዋል? ትእዛዙ ሥራ ሊጀምር ሲል ፍርድ ቤት አገደው፤ በ2021 ደግሞ ፕሬዚዳንት ባይደን ሻሩት። ሌላው አገር ግን የሚጠይቅህ ወደ ራሱ ቋት ሊያስገባህ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1883 ለሠራተኞቿ የጤና መድን ሕግ ስታወጣ የጀመረችው ሐሳብ ይኸው ነው፤ ጤነኛው እየከፈለ በሽተኛው ይታከማል፣ ነገ ደግሞ ተራው ይዞራል። እንዲህ ያለ ቦታ መድን መጠየቅ «ትቆያለህ፣ ከእኛ ጋር ትቆጠራለህ» እንደ ማለት ነው። የሚቆይ ሰው ነው ለነገ የሚከፍለው።

አሁን ወደ ጁባ ልመለስ። እዚህ ስለ ጤና መድን የጠየቀኝ ሰው የለም። ኤርፖርት ላይ የቢጫ ወባ ካርድ ታሳያለህ፤ ለመኖሪያ ፈቃድ ፓስፖርትህን፣ ፎቶግራፍህንና ገንዘብህን ይዘህ ትሄዳለህ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የደቡብ ሱዳን የዜግነት ሕግ ደግሞ ለባዕድ ሰው በር የሚከፍተው 10 ዓመት ሳያቋርጥ ከኖረ ነው እንጂ መድን ስላለው አይደለም። ይህን የሰማ ሰው «እንዴት ያለ ለጋስ አገር ነው፣ መድን እንኳ አይጠይቅም» ይል ይሆናል። ልግስና አይደለም። አልተጠየቅንም ማለት አንድ ቀን ስንወድቅ የሚያነሳን አልተዘጋጀም ማለት ነው። ዋናው የመንግሥት ሆስፒታል፣ የጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል፣ ከጦርነት ወደ ጦርነት የኖረውን ያገሬውን ሕዝብ ጫና መሸከም ከብዶታል። የመንግሥታቱ ድርጅትና የትልልቅ ረድኤት ድርጅቶች ሠራተኛ የመድን ካርዱን መዝዞ የግል ሆስፒታል ይገባል። የእኛ ሰው ግን ኪሱን ዳብሶ ነው ክሊኒክ የሚሄደው።

የሚሆነው ይህ ነው። አንድ ልጅ ሦስት ቀን ያተኩሰዋል። ለሥራ ሲል ፓናዶል እየዋጠ ይቆያል። በአራተኛው ቀን ክሊኒክ ይሄድና የእጅ መዳፍ የምታህል የላብራቶሪ ወረቀት ይዞ ይመለሳል፤ ወባ ሁለት ፕላስ፣ ታይፎይድም አለብህ። የታዘዘለትን ግማሹን ይገዛል፣ ግማሹን ለደመወዝ ቀን ያቆያል። ሲብስበት ነው ወሬው ጀበል የሚዳረሰው። ከዚያ አንድ ሰው ደብተር ይዞ ይነሳል። ከሆቴል ሆቴል፣ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ስም ይጽፋል። በላስቲክ የታሰረ የደቡብ ሱዳን ፓውንድ እንደ ጡብ ይከመራል፤ ወደ ዶላር ሲመነዘር ግን አንዲት ፖስታ እንኳ አይሞላም። ዶላሩ ለአዲስ አበባ ትኬት ነው። አየር መንገድ ደግሞ እንደዚያ የደከመ ሰው ሲያይ መብረር ይችላል የሚል የሐኪም ወረቀት ይጠይቃል። ወረቀቱ እስኪገኝ ሌላ ቀን ይሄዳል።

አንዳንዱ ይደርሳል፣ አንዳንዱ አይደርስም። ባልደረሰ ጊዜ ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቀዋለን። ያን ጊዜ ደብተሩ በአንድ ሌሊት ይሞላል። አስር ሲጠየቅ ያመነታ ሰው መቶ ያወጣል። ሣጥኑ፣ የሬሳው ማጓጓዣ፣ አብሮት የሚሄደው ሰው፣ ለእናቱ የሚያዘው ብር፣ ሁሉም ይሟላል። አገር ያፈራው የእድር ባህላችን ነውና አልነቅፈውም፤ ባዕድ አገር ላይ ሬሳችን ሜዳ ላይ የማይቀረው በእሱ ነው። ነገር ግን የሚያስጠይቅ ነገር አለ። ለሬሳ የዋለው ገንዘብ ሲሶው ከሁለት ሳምንት በፊት ቢገኝ ኖሮ ብዙው ልጅ በእግሩ ይመለስ ነበር።

ለምን አስቀድመን አናዋጣም? ድህነት ነው እንዳልል እቁብ እንጥላለን። እኔ የደረስኩበት ምክንያት መንገደኛነታችን ነው። «ዓመት ሳይሞላ እወጣለሁ» የሚል ሰው ለነገ አይቆጥብም። ጁባም ይህን ስሜት አጠንክራብናለች። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 የሥራ ሚኒስቴሩ የውጭ ዜጎች ከሥራ ይሰናበቱ የሚል ደብዳቤ አወጣ፤ በቀናት ውስጥ ቢታጠፍም ድንጋጤው ቀረ። በሐምሌ 2016 ደግሞ ውጊያው እዚሁ ጀበል ተራራ ሥር ነበር፤ ገበያው ተዘረፈ፣ ሰው በየአቅጣጫው ተበተነ። ይህን ያየ ሰው በጋራ ሣጥን ገንዘብ ለማስቀመጥ ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን «ነገ እሄዳለሁ» ካሉት ውስጥ አስር ዓመት ያለፋቸውን አውቃለሁ። ያኔ ሃያ አምስት ዓመቱ የነበረ ዛሬ የደም ግፊት ክኒን ይዞ ነው የሚሄደው።

አገር ቤት ያለው ገበሬ በዚህ በልጦናል። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዛሬ በሺህ በሚቆጠሩ ቀበሌዎች ይሠራል። ገበሬው ሳይታመም ከምርቱ ሸጦ የዓመቱን መዋጮ ይከፍላል፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ካርዱን ያሳያል፣ ከባሰበት በሪፈር ሆስፒታል ይላካል። መድኃኒት የለም ተብሎ የሚመለስበት ቀን እንዳለ አይካድም። ቢሆንም በሬውን ሸጦ መታከም ቀርቶለታል። ደመወዝተኛው ግን የማህበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጥቶለት፣ ከእሱ 3 በመቶ ከአሠሪው 3 በመቶ ይዋጣ ሲባል አጉረመረመ፤ ቀኑም እየተራዘመ ዓመታት አለፉ። የጁባው አበሻ ምሬት አዲስ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ሳንታመም መክፈልን ገና አልለመድንም።

የገበሬው ካርድ ደግሞ ውል ከተገባባቸው የጤና ተቋማት አያልፍም፤ ድንበር አይሻገርም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለተላከ ሠራተኛ አሠሪው መድን እንዲገባ ያዛል፤ ነገር ግን በጋምቤላ ወይም በኡጋንዳ ዞሮ በራሱ እግር ጁባ የገባ ሰው፣ በሕጉ መንገድ ስላልተላከ ሕጉ አያገኘውም። በሁለቱ መካከል የቀረነው እኛ ነን።

ስለዚህ ከመንግሥት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ውጭ የሚኖር ዜጋ በዓመት የሚከፍለውና አገሩ ሲገባ የሚታከምበት መንገድ ያብጅ። ኤምባሲውም ለዚህ ምዝገባ አንድ መስኮት ይክፈት።

ከእኛ ከራሳችን የምጠብቀው ግን ይበልጣል። የጀበል እድሮች በወር የሚሰበስቡትን ለሁለት ይክፈሉት፤ ግማሹ እንደ ድሮው ለቀብር፣ ግማሹ ለሕክምና ይሁን። ከሁለት ወይም ከሦስት ክሊኒኮች ጋር ዋጋ ተደራድረው ይዋዋሉ። ገንዘቡ በዶላር፣ በሦስት ሰው ፊርማ ባንክ ይቀመጥ፤ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ይነበብ። ይህ ሲሆን አባሉ በመጀመሪያው የትኩሳት ቀን ክሊኒክ ይሄዳል። ካናዳ ወይም ጀርመን የደረሰለትም «መድን አምጣ» ሲባል ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

የእድር ዳኞች፣ በሚቀጥለው ወር ስብሰባችሁ ይህን አጀንዳ ያዙት። እስከዚያው አንተ አንባቢ፣ አገር ቤት ላሉት ወላጆችህ የዘንድሮው የጤና መድን መዋጮ መከፈሉን ዛሬ ደውለህ ጠይቅ። ካልተከፈለም ክፈለው።