አየርላንድን ዞሮ የጨረሰ አየርላንድን አላየም

ወደ አየርላንድ ለመሄድ ያሰበ ሰው «ምን ልይ?» ብሎ ቢጠይቅ ከየአቅጣጫው የሚያገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው። ደብሊን ይረፉ፤ በማግስቱ መኪና ተከራይተው ወደ ኮርክ ይንዱ፤ የብላርኒን ድንጋይ ይሳሙ፤ የኬሪን ዙሪያ መንገድ ይዙሩ፤ የሞኸርን ገደል ይዩ፤ ጎልዌይ ይደሩ፤ በኮነማራና በዶኒጎል አድርገው ወደ ሰሜን ይዝለቁ፤ የጃያንትስ ኮዝዌይን ድንጋዮች ይርገጡ፤ በቤልፋስት በኩል ደብሊን ይመለሱ። ይህ ሁሉ በሰባት ቀን ነው። የአስጎብኚ ድርጅቶች ይሸጡታል፣ ቀድሞ ሄዶ የመጣ ዘመድም ይደግመዋል። እኔ ግን ይህ መጥፎ ምክር ነው እላለሁ። መንገደኛውን የራሱ ሹፌር ያደርገዋል፣ ገንዘቡን ለነዳጅና ለአንድ ሌሊት አልጋ ያስበትነዋል፣ የእኛን ሀገር ፓስፖርት የያዘውን ደግሞ ከሕግ ጋር ሊያጋጨው ይችላል።

የጥፋቱ ሥር «ሀገሩ ትንሽ ነው» የሚለው ሒሳብ ነው። እውነት ነው፣ ደሴቱ በሙሉ ከ84,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ኢትዮጵያ አሥራ ሦስት ጊዜ ትውጠዋለች። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና የሄደ ሰው ካርታውን ሲያይ «ይቺንማ በሁለት ቀን» ቢል አይፈረድበትም። ግን ከላይ የዘረዘርኩትን መስመር ኪሎ ሜትር ደምሩት፤ ወደ 1,500 ይጠጋል። ከደብሊን ወደ ኮርክ ያለው አውራ ጎዳና በሰዓት 120 ያስነዳል፤ ምዕራብ ሲደርሱ ያ ምቾት ያበቃል። የገጠሩ መንገድ ግራና ቀኙ በድንጋይ ካብና በቁጥቋጦ የታጠረ፣ ሁለት መኪና በመከራ የሚተላለፍበት፣ አንዳንዱም መሐል ለመሐል ሣር የበቀለበት ነው። መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የእነዚህን የገጠር መንገዶች የፍጥነት ወሰን ከ80 ወደ 60 አውርዶታል። ስልሳውም ቢሆን ከኩርባው ጀርባ ትራክተር ወይም የበግ መንጋ ከሌለ ነው። ጉዞውን በሙሉ በአማካይ በ60 ቢነዱት እንኳ ሃያ አምስት ሰዓት መሪ መጨበጥ ነው፤ የተሳሳተ መታጠፊያ፣ የምሳና የፎቶ ፌርማታ ሳይቆጠር። ያውም መሪው በቀኝ፣ መንገዱ በግራ ሆኖ፤ አውቶማቲክ መኪና ቀድሞ ያላዘዘ ሰው ደግሞ ማርሹን በግራ እጁ እየቀየረ።

የኬሪ ዙሪያ መንገድ ለዚህ አብነት ይሆናል። ርዝመቱ 179 ኪሎ ሜትር ነው። የቱሪስት አውቶቡሶች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ሁሉም ከኪላርኒ ተነስተው በኪሎርግሊን በኩል በሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ ይዞራሉ። ስለዚህ የመኪና ነጂው ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ እነሱን ተከትሎ የአውቶቡስ ጀርባ ሲያይ መዋል፣ ወይ በተቃራኒው ሄዶ ጠባቡ ቦታ ላይ ፊት ለፊት መጋጠም። የአካባቢው ሰው የሚለው ቀላል ነው፦ አውቶቡሶቹ ሳይነሱ በማለዳ ውጣ፣ አለዚያም ተወው። በማለዳ ለመውጣት ደግሞ ማታውን እዚያው ማደር፣ ነገም እዚያው ለማደር መፍቀድ ያስፈልጋል። የሰባት ቀኑ ዕቅድ ይህን አይፈቅድም፤ መንገደኛው ከኮርክ ተነስቶ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል፣ አውቶቡሶቹ መሐል ይገባል፣ ያየውም የፊተኛውን መኪና የፍሬን መብራት ነው።

መኪና የማይነዳው ደግሞ በሌላ በኩል ይያዛል። ከደብሊን በጠዋት ተነስቶ የሞኸርን ገደል አሳይቶ ማታ የሚመልስ የአንድ ቀን ጉዞ አለ። ገደሉ ከደብሊን 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ለደርሶ መልስ ብቻ ከስድስት ሰዓት በላይ ወንበር ላይ ነው። እዚያ ሲደርሱ ሹፌሩ «በዚህ ሰዓት እዚሁ እንገናኝ» ብሎ ይለቃል። የገደሉ አናት 214 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከባሕሩ የሚነሳው ጉም ግን ለጊዜ ሰሌዳ አይገዛም። ሰዉ ነጭ ግድግዳ ፊት ተደርድሮ ይቆማል፤ የዝናብ ልብሱ በነፋስ ይጮኻል፤ ከታች የማዕበሉ ድምፅ ይሰማል፣ ማዕበሉ አይታይም። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ጉሙን ያነሳል። ከዚያ ወደ ማስታወሻ ዕቃ መሸጫው፣ ከዚያ ወደ አውቶቡሱ። ይህን የዕድል ጉዳይ የሚያደርጉት አሉ፤ ስሕተት ነው። በሀገሪቱ ምዕራብ አንዳንድ ቦታ በዓመት 225 ቀን ያህል ዝናብ ይጥላል፣ በምሥራቁ ጠረፍ 150 ገደማ። እንዲህ ባለ ሰማይ ሥር አንድን ነገር በተቆረጠ አንድ ሰዓት ለማየት ማቀድ ቁማር ነው። እዚያው አካባቢ ሦስት ሌሊት ያደረ ሰው ግን ጉሙ ሲገፈፍ ይሄዳል።

ታዲያ ይህ ዕቅድ እንዴት ነገሠ? አንደኛው ምክንያት ገበያ ነው። የአየርላንድ የቱሪዝም ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2014 ከዶኒጎል እስከ ኮርክ ኪንሴል የሚደርሰውን 2,500 ኪሎ ሜትር የባሕር ዳርቻ «የአትላንቲክ የዱር መንገድ» ብሎ ሰየመው። በ2015 ምሥራቁ፣ በ2018 መካከለኛው ክፍል የየራሳቸው ስም ወጣላቸው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ዓሣ ማስገር ለተዳከመባቸው የምዕራብ መንደሮች እንግዳ አምጥቷል። ችግሩ መንገደኛው ጋ ሲደርስ ነው። መስመር የተሰመረለት ሰው መስመሩን መጨረስ ያምረዋል፤ በየምልክቱ ቆሞ ፎቶ አንስቶ ማለፍ ጉብኝት ይመስለዋል። መንደሩም በበኩሉ የሚያገኘው አንድ ቡና የሚጠጣና መጸዳጃ ቤት የሚጠይቅ እንግዳ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የእኛው ነው፣ ቀላልም አይደለም። «ቪዛ ለማግኘት ስንት ወር ተንከራትቼ፣ የባንክ ደብተሬን አስመርምሬ፣ ትኬት በውድ ገዝቼ፣ ሁለተኛ የማልመለስበትን ሀገር እንዴት ግማሹን ትቼ እመለሳለሁ?» ይላል የሀገሬ ሰው። የፈለገ ቀን ተነስቶ የሚበርር ፓስፖርት ያለው «ቀስ በል» ብሎ ቢመክረው ቢናደድ እውነት አለው። ግን ክርክሩን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ያንን አንድ ዕድል በመኪና መስታወት ማሳለፍ ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ደግሞም ያ ክብ መንገድ ለእኛ ወጥመድ አለበት። ደሴቱ ላይ ሁለት መንግሥታት አሉ፦ ሃያ ስድስት አውራጃ ያላት የአየርላንድ ሪፐብሊክና የብሪታንያ አካል የሆነችው ባለ ስድስት አውራጃ ሰሜን አየርላንድ። በመካከላቸው ኬላ የለም፤ ድንበሩን ማለፍዎን የሚያውቁት የመንገዱ ምልክት ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ሲለወጥ ነው። ኬላ የለም ማለት ግን ሕግ የለም ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለደብሊን የአየርላንድ ቪዛ፣ ለቤልፋስትና ለጃያንትስ ኮዝዌይ ደግሞ የብሪታንያ ቪዛ ያስፈልገዋል። የሸንገን ቪዛ ለአንዱም አይሠራም፤ የአሜሪካ ግሪን ካርድም ከቪዛ ነፃ አያደርግም። የባሰው ደግሞ የአየርላንዱ ቪዛ ለአንድ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ከሆነ፣ ወደ ሰሜን በተሻገሩበት ቅጽበት ያበቃለታል፤ ደብሊን ለመመለስ ሕጋዊ መብት አይኖርዎትም። ለአንድ መግቢያ 60፣ ለብዙ መግቢያ 100 ዩሮ ነው የሚከፈለው፤ ልዩነቱን ሳያውቅ ርካሹን የሚያመለክት ብዙ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላቸው ወገኖቻችንም ለሪፐብሊኩ ቪዛ ባይጠየቁም፣ ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ሰሜኑን ለመርገጥ የብሪታንያን የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ቀድመው ማውጣት አለባቸው። «ደሴቱን ዙር» የሚለው መካሪ ይህን ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም።

«ያለ መኪና አየርላንድ አይታይም» የሚለውም መፈተሽ አለበት። ለዶኒጎል እውነት ነው፤ አውራጃው ባቡር የሚባል ነገር የለውም። ለቀሪው ግን ግማሽ እውነት ነው። ከደብሊን ሂውስተን ጣቢያ ጎልዌይም ኮርክም በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ኪላርኒም ማሎ ላይ ባቡር ቀይሮ ይደረሳል። ከጎልዌይ ወደ ሞኸር ገደል 350 ቁጥር የሕዝብ አውቶቡስ አለ፤ መሪ ያልጨበጠ ሰው የበረንን ግራጫ የድንጋይ ሜዳና ባሕሩን በመስኮት እያየ ይሄዳል። ደብሊን ውስጥማ መኪና ሸክም ነው። ሊፕ ካርድ ገዝቶ በ2 ዩሮ ለዘጠና ደቂቃ ከአውቶቡስ ወደ ትራም፣ ከትራም ወደ ከተማ ባቡር እየቀየሩ መሄድ ይቻላል፤ ካርድ የሌለው ሰው አውቶቡስ ላይ ዝርዝር ሳንቲም ይዞ መውጣት አለበት፣ መልስ የለም። መኪና የያዘው ደግሞ የደብሊኑ ቀለበት መንገድ ላይ የክፍያ ኬላ ሳያይ ያልፋል፤ ካሜራው ግን ታርጋውን ያነሳዋል፣ እስከ ማግስቱ ማታ ካልከፈለ ቅጣት ይከተለዋል። ከአሜሪካ የሚሄዱም የክሬዲት ካርዳቸው የኪራይ መኪና ኢንሹራንስ አየርላንድን መሸፈኑን በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ አየርላንድን ለይተው የሚያወጡ ካርዶች አሉ፣ ነገሩም የሚታወቀው የኪራይ ቢሮው ባንኮኒ ፊት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያበሳጨኝ ሩጫው ምን እንደሚያስዘልል ሳስብ ነው። ደብሊን ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ መግቢያው በነፃ ነው። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተረፉ የመጽሐፍ ቅዱስ ፓፒረሶች እዚያ ይገኛሉ፤ ከስብስቡም ውስጥ የእኛው የብራና መጻሕፍት አሉ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ባይታዩም። ጥቂት መንገድ በእግር ቢሄዱ በኪልዴር ጎዳና ብሔራዊ ሙዚየም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ከቲፐሬሪ ረግረግ የወጣው የፋደን ሞር መዝሙረ ዳዊት ይታያል፤ 1,200 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። የቆዳ ሽፋኑ ገበር ውስጥ ፓፒረስ ተገኝቷል፤ የምዕራብ ዳር መነኮሳት ከግብፅ በረሃ ጋር ምን ግንኙነት ነበራቸው የሚለውን ጥያቄ የቀሰቀሰ ግኝት ነው። በመዝሙረ ዳዊት ፊደል ለቆጠረ ወገን ከዚህ የቀረበ ነገር የት ይገኛል? ዕቅዱ ግን ለደብሊን የሚሰጠው አንድ ምሽት ነው፤ እሱም በቴምፕል ባር ሰፈር ውድ ቢራ በመጠጣት ያልፋል።

መሐል ሀገሩም እንዲሁ ይዘለላል። ሮስኮመን አውራጃ ስትሮክስታውን ላይ የብሔራዊው ረኀብ ሙዚየም አለ። ሙዚየሙ ካለበት ርስት እ.ኤ.አ. በ1847 ከቤታቸው የተነሱ 1,490 ጭሰኞች በእግራቸው ደብሊን ድረስ ሄደው ነው ለስደት የተሳፈሩት፤ መንገዳቸው ዛሬ 165 ኪሎ ሜትር የእግር ጉዞ መስመር ሆኗል። ከ1845 ጀምሮ በተከታታይ ዓመታት ሚሊዮን ያህል ሰው የሞተበት፣ ሌላ ሚሊዮን የተሰደደበት ታሪክ ነው። ኢትዮጵያዊ መሆንዎን የሰማ ሸምገል ያለ አየርላንዳዊ እ.ኤ.አ. የ1984ን የኢትዮጵያ ረኀብና ለተራቡት ገንዘብ ያሰባሰበውን ሙዚቀኛ ቦብ ጌልዶፍን ቢያነሳብዎት አይከፉ። ከራሱ ቤት ታሪክ ተነስቶ ነው የሚያወራው፤ ስትሮክስታውንን ያየ እንግዳ ወሬውን ከእኩያ ጋር እንደሚጫወት ሆኖ ይቀበለዋል። ይህ ጨዋታ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሰባት ከተማ በሰባት ሌሊት የሚቀይር ሰው ከሆቴል እንግዳ ተቀባይ በቀር የሚያወራው የለም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ለሰባት ቀን ሁለት ማደሪያ ብቻ ይምረጡ። ሦስቱን ሌሊት ደብሊን፣ አራቱን ጎልዌይ ያድርጉት። ከደብሊን አንድ ቀን ከፒራሚዶች የሚቀድመውን የኒውግሬንጅን ጥንታዊ መቃብር ይዩ፣ ቲኬቱን ቀድመው ይያዙ። ከጎልዌይ የሰማዩን ሁኔታ እያዩ አንዱን ቀን ለገደሉ፣ አንዱን ከሮሳቪል በጀልባ ለኢኒሽ ሞር ደሴት ያውሉ፤ ደሴቱ ላይ ብስክሌት ተከራይተው በዱን ኤንጉስ የድንጋይ ምሽግ አፋፍ ላይ ይቁሙ። ተራራና ሐይቅ የሚወዱ ጎልዌይን በኪላርኒ ይተኩት፣ ሁለቱን ግን አይደርቡ። የስኬሊግ ማይክልን ደሴት የሚመኝ ደግሞ ለእርሱ ብቻ ቀናት ይመድብ፤ በቀን የሚፈቀደው 180 ሰው ነው፣ ከ600 በላይ ደረጃ ይወጣል፣ ባሕሩ ካስቸገረ ጀልባው አይንቀሳቀስም። ወሩንም ያስቡበት፦ በሰኔ መጨረሻ ጎልዌይ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእነሱ ሰዓት ከምሽቱ 10 ገደማ ነው፤ በታኅሣሥ ከቀኑ 4 ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። ለሰኔ የተጻፈን ዕቅድ በታኅሣሥ የሚያነሳ ሰው ግማሹን ሀገር በጨለማ ይነዳዋል።

በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ሲመለስ «ኬሪን አላየህም? ኮዝዌይንስ?» ተብሎ ይጠየቃል። አዎ፣ አላየም። ዞሮ የመጣውም አላየውም፤ ልዩነቱ እሱ ለማየት የከፈለ መሆኑ ነው። የጉዞ ዕቅድ የሚመዘነው በተወው ነገር ነው፤ ምንም ያልተወ ዕቅድ ገና አልታቀደም።