ስለ ቡናችን መውረጃ መንገድ

የጌዴኦ ምድር ተራራና ሸለቆ የበዛበት እንደ መሆኑ መጠን፣ የይርጋ ጨፌና የወናጎ፣ የኮቸሬና የገደብ ቡና የመኪና መንገድ እስኪያገኝ ድረስ በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ ብዙ ቁልቁለት ይወርዳል። እሸት ቡና ደግሞ ጊዜ የማይሰጥ ሸቀጥ ነው፤ በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ይብላላል፤ ጣዕሙም ተበላሽቶ ደረጃው ዝቅ ይላል። ጉዳቱ በገበሬው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ለላኪውም፣ ለገበሬው ጨርቅና ጨው ለሚሸጠው ባለ ሱቅም ይተርፋል።

ዳገት ያስቸገራቸው ሌሎች ሕዝቦች መላ አግኝተውለታል። በብራዚል የሳን ፓውሎ ቡና ወደ ሳንቶስ ወደብ ለመድረስ ታላቅ ገደል መውረድ ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ1867 የተከፈተው የባቡር ሐዲድ ግን ፉርጎዎቹን በገመድ እየያዘ ያወርድና ያወጣ ጀመር። የሊዝቦን ከተማም ከ1884 አንሥቶ ሕዝቧን በገመድ በሚሳብ የዳገት ባቡር አመላልሳለች። ወደ እኛ ስንቀርብ፣ ጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1937 ድረስ ከምጽዋ ወደ አሥመራ 71 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የዕቃ ማመላለሻ ቴሌፈሪክ ዘርግተው ነበር፤ በኋላ በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን መሣሪያው ተነቀለ።

እኛ የምናሳስበው ይህን የመሰለ ታላቅ ሥራ አይደለም። በኔፓል ተራሮች ያሉ ገበሬዎች ሞተር በሌለው የሽቦ ገመድ ምርታቸውን ያወርዳሉ። አሠራሩም ቀላል ነው፤ ሁለት መያዣዎች በአንድ ገመድ ይታሰራሉ፤ ጭነት ያለው በክብደቱ ሲወርድ ቀለል ያለውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ፍጥነቱንም ፍሬን ይገታዋል። ቡናችን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስለ ሆነ፣ ተራራው ራሱ ጉልበት ይሆነናል ማለት ነው። ለዓምዶቹም ጥቂት ቦታ ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የጌዴኦ መልክዓ ምድር በየአቅጣጫው በመንገድ ከመቁረጥ ይህ ይሻላል።

የተሸካሚዎቹ እንጀራ ምን ይሆናል የሚል ቢኖር፣ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በመጫኑ፣ በማራገፉና በጥበቃው ሥራ ቀዳሚ መሆን የሚገባቸው እነርሱ ናቸው። ጥንቃቄም ያሻል፤ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. በሊዝቦን ገመዱ ከማያያዣው ተለቅቆ 16 ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ መስመሩ ለዕቃ ብቻ ይሁን፤ ሰው አይሳፈርበት፤ ገመዱና ማያያዣው በየጊዜው ይመርመር።

እንግዲህ ነጋዴዎችና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ገንዘብ አዋጥተው፣ የዲላ ዩኒቨርሲቲንም ባለሙያዎች አማክረው፣ በአንድ ማጠቢያ ጣቢያ አንድ መስመር ይሞክሩ። ያዋጣ እንደ ሆነ የአንድ ለቀማ ወራት ሒሳብ ያሳየናል። ካላዋጣም የሚጠፋው የአንድ መስመር ወጪ ነው፤ ዝም ብንል ግን በየዓመቱ በቁልቁለቱ ላይ የሚበላሸውን ቡና መክፈላችን አይቀርም።