ማርጋሪታ የተባለው ሐይቅ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ዛሬ ዛሬ መልአኩ ከሰማይ መውረዱን ትቶ ስልክ ውስጥ የገባ ይመስላል።

አንድ ወዳጄ በወላይታ ሶዶ የመጀመሪያ ልጁን ታቀፈ። አራስ ልጠይቅ በሄድኩበት ዕለት ባልና ሚስት አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው ስም ይመርጡ ነበር። የሚያነቡት ዝርዝር ከጉዞ፣ ከተፈጥሮና ከአሰሳ የተቀዱ ናቸው የተባሉ የሕፃናት ስሞችን የያዘ ነው። ሲድኒ፣ ሪቨር፣ ኦሽን፣ ስካይ፣ ሲየና… ወዳጄ ይጠራል፤ ሚስቱ በዐይኗ ትቀበላለች ወይም ትጥላለች። በመጨረሻ «ሲየና» ላይ ተስማሙ።

«ሲየና ምንድን ናት?» አልኩት።

«ጣሊያን አገር ያለች ጥንታዊ ከተማ ናት።»

«ታውቃታለህ?»

ሳቀ። «ስሟ ግን ደስ አይልም?»

የሕፃኗ አያት ከቦሎሶ ቅቤ ይዘው የመጡ እናት ናቸው። ስሙን ሁለት ጊዜ አስደገሙ፤ ሦስተኛውን ራሳቸው ሞከሩት። «ሲኒ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሳቸው ግን ከልባቸው ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ የልጅ ልጃቸውን ሲኒ ይሏታል።

እኔም ስቄአለሁ። ወደ ቤቴ ሳቀና ግን ሳቁ አብሮኝ አልመጣም። ከሶዶ ከፍታ ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለሚመለከት፣ ሰማዩ በጠራ ቀን፣ አባያ ሐይቅ ይታያል። ያንን ውኃ ባየሁ ቁጥር አንድ ሌላ የስም ታሪክ ትዝ ይለኛል።

የፓርማው ተወላጅ ቪቶሪዮ ቦቴጎ የኦሞን መንገድ ሊያስስ በወጣበት ሁለተኛ ጉዞው እዚህ ሐይቅ ዳር ደረሰ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1896 ነው፤ አገሩ በዐድዋ ድል የተመታበት ዓመት። ቦቴጎ ሐይቁን አየ፤ ወደደው፤ ስምም አወጣለት። «ማርጋሪታ» አለው፣ በጣሊያኗ ንግሥት ስም። ንግሥቲቱ ሐይቁን አላየችም። ሐይቁም ንግሥቲቱን አያውቃትም። ዳሩ ግን የአውሮፓ ካርታዎች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አባያን «ማርጋሪታ» እያሉ አተሙት። በዳርቻው ዓሣ የሚያጠምደውና ከብት የሚያጠጣው ሰው ሐይቁ ስሙን መለወጡን የነገረው አልነበረም።

ቦቴጎ ብቻውንም አይደለም። ከእርሱ ስምንት ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1888፣ የሃንጋሪው ካውንት ቴሌኪ በኦሞ መድረሻ ያለውን ታላቅ ሐይቅ በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ስም «ሩዶልፍ»፣ ጎረቤቱን ደግሞ በአልጋ ወራሹ ሚስት ስም «ስቴፋኒ» ብሎት ነበር። ዛሬ ቱርካና፣ ጨው ባሕርና አባያ እንላለን። ሦስቱም የአሳሾች ስሞች ረግፈዋል። የረገፉበት ምክንያት ግልጽ ነው። ስሙን ያወጣው አላፊ መንገደኛ ነበር፤ ያወጣውም በሩቅ ያለ ሌላ ሰው ደስ እንዲለው ነበር። ሐይቁን የሚጠጣው ሕዝብ አልተጠየቀም።

እንግዲህ ክርክሬ ይህ ነው። ያላየነውን፣ ያልኖርንበትን፣ ምንም ነገር ያልሆንበትን ስፍራ ስም ድምፁ ስለጣፈጠን ብቻ በልጃችን ግንባር ላይ ስንለጥፍ፣ ቦቴጎ በሐይቃችን ላይ ያደረገውን በልጃችን ላይ እያደረግን ነው። እርሱ ሐይቁን ላላየች ሴት ስም ሰጠው፤ እኛ ላላየነው ከተማ ልጅ እንሰጣለን። ልዩነቱ ሐይቅ ተማሪ ቤት አለመግባቱ ነው። ሐይቅ «ስምህ ምን ማለት ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። ልጅ ይጠየቃል።

ይህ ነገር ሌላው ቢዘነጋው ወላይታ ሊዘነጋው አይገባም። ከላይ በሚወርድ ስም የተጎዳ ሕዝብ ነውና። ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም በምኒልክ ጦር ከተሸነፈ በኋላ፣ ሕዝቡ ራሱን የማይጠራበት «ወላሞ» የሚለው ቃል እስከ 1966ቱ አብዮት ድረስ በመንግሥት መዝገብ ሰፍሮ ኖረ፤ የስድብ ቃናውም ከመዝገቡ ወደ ገበያና ወደ መንገድ ይወርድ ነበር። አባቱ ያወጣለትን ስም ከተማሪ ቤት በር ላይ ጥሎ፣ መምህሩ የሰጠውን የአማርኛ ስም ይዞ የወጣ ሕፃን ታሪክ በየአረጋውያኑ አፍ ይገኛል። ይህን ስጽፍ በአማርኛ መጻፌን አልዘነጋሁም። አማርኛን የምወደው ሰው እንደመሆኔም፣ በእርሱ ስም የተደረገውን መደበቅ ፍቅር ነው አልልም።

ኋላም ተደገመ። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በአንድ መጽሐፍ ለማስተማር ሲታሰብ፣ ለአዲሱ ቋንቋ ከየሕዝቡ ስም መነሻ ፊደል ተለቅሞ «ወጋጎዳ» የሚል ስም ተሠራለት። እናት ልጇን ያባበለችበት፣ ሽማግሌ የመረቀበት ቋንቋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1999 ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሰው ሞተ፤ ሰው ታሰረ፤ መጽሐፉም ቀረ። በዓመቱ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ለስም ሲሉ ይሞታሉን? ለሚል ሰው የሶዶ መልስ ይኸውልህ።

«ደቡብ» የሚለውንም ቃል ልብ በሉት። በገዛ ደጁ ቆሞ ሳለ ደቡብ የሆነ ሰው የለም። ደቡብ የሚኮነው ሌላ ቦታ የቆመ ሰው ሲመለከት ነው። የዛሬው ክልላችን እንኳ የአቅጣጫ ስም ይዞ «ደቡብ ኢትዮጵያ» ይባላል። ይህን ሁሉ ያየ ሕዝብ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ በገዛ እጁ፣ ልጁን በሌላ ሰው ካርታ ላይ ሲመዘግብ ማየት ያሳዝናል።

ተቃዋሚዬ እዚህ ላይ እንደሚያቋርጠኝ አውቃለሁ። «አባቶችህስ ዮርዳኖስን አይተውት ነው ሴት ልጃቸውን ዮርዳኖስ ያሉት? ኢየሩሳሌምን፣ ሊባኖስን፣ ቤቴልን ረግጠዋቸው ነው? እ.ኤ.አ. በ1928 የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ከገባ ወዲህስ የወላይታ ቤት ሁሉ ጳውሎስና ማርቆስ፣ ሶፎንያስና ኤፍራታ አልሆነም?» ጥያቄው ብርቱ ነው፤ በችኮላ አላልፈውም።

መልሴ እነዚያ ሰዎች ዮርዳኖስን ያውቁታል የሚል ነው። በየዓመቱ ጥር 11 ቀን በየመንደሩ ወንዝና ኩሬ ዮርዳኖስ ይሆናል፤ ሰው ይጠመቅበታል፤ ውኃው ፊቱን ይረጨዋል። የወላይታው አማኝም ሲጸልይና ሲዘምር በነዚያ ስሞች መካከል ይመላለሳል፤ በጨነቀው ሌሊት ደጃቸውን ያንኳኳል። የሚኖርበት ቤት ከሆነ ሩቅነቱ ምን ይጎዳል? ደግሞም መጽሐፉ ራሱ የጉዞ ስም እንዴት እንደሚወጣ ያስተምራል። ሙሴ ከግብፅ ሸሽቶ በምድያም ሳለ የተወለደለትን ልጅ ጌርሳም አለው፤ በባዕድ ምድር መጻተኛ ሆኛለሁና ሲል። ያዕቆብም ከወንድሙ ቍጣ ሲሸሽ፣ ድንጋይ ተንተርሶ ባደረበት ስፍራ ነው ቤቴል ያለው። ሁለቱም የመንገደኛ ስሞች ናቸው። ሁለቱም የሆነ ነገር ይናገራሉ፤ ተናጋሪያቸውም ይታወቃል።

ነገሩ ያለው እዚህ ነው። በኛ ዘንድ ስም ተናጋሪ አለው። አማርኛን ብቻ እንኳ ብንወስድ፣ ስማችን ብዙውን ጊዜ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ባለቤቱም ወላጅ ነው። «ስንታየሁ» ስትል አንዲት እናት ያሳለፈችውን ሁሉ በአንድ ቃል ትዘጋዋለች። «ናፍቆት» ስትል በሩቅ ያለ ሰው አለ። «አዝመራው» የተባለው ልጅ በእሸት ወራት ነው የመጣው። «ዓለማየሁ»ን ተመልከት። ዓለምን አየሁ ማለት ነው። ዓለም ግን በቋንቋችን ምድሪቱም ናት፣ ደስታም ናት፤ ስለዚህ ከጎጆዋ ወጥታ የማታውቅ ሴት ልጇን ታቅፋ «ዓለሜን አየሁ» ትላለች። ከዚህ የበለጠ የአሰሳ ስም ከየትኛው ዝርዝር ሊገኝ ነው?

ይህ ስም ምን ያህል ሊከብድም እንደሚችል የቴዎድሮስ ልጅ ያስተምረናል። ልዑል ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ተወስዶ እንግሊዝ አገር ገባ። በ1879፣ ገና በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ ሞተ፤ ዊንድዘር ተቀበረ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ዓለምን አየ፤ ያየው ግን የሌላ ሰው ዕቃ ሆኖ ነው። የመርከቡን መንገድ፣ የባዕድ አገሩን ብርድ ሁሉ ስሙ ተሸክሞታል። ስም እንዲህ የሚሸከም ዕቃ ነው። ባዶ ስም ግን ምን ይሸከማል?

«ጉዞ» የሚለው ቃልም እዚህ አገር የዕረፍት ቀን ጨዋታ አይደለም። የወላይታ ልጅ ከማንም በላይ ተጉዟል። መሬት ጠቦት፣ እንሰቱ ለቤተሰቡ አልበቃ ብሎት፣ ወደ ወንጂና ወደ መተሐራ ሸንኮራ ሊቈርጥ ወርዷል። የሊስትሮ ሣጥኑን አንግቶ የአዲስ አበባን መንገድ በእግሩ ለክቶታል። እኅቱ ቤይሩትና ሪያድ የሰው ቤት ጠርጋለች። ወንድሙ በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጥቷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ከደቡቡ አገራችን ወጣቶች የሚሄዱበት መንገድ የት ሊያደርስ እንደሚችል ታየ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ። ዜናው ቍጥራቸውን ነገረን፤ ስማቸውን አልነገረንም። እያንዳንዳቸው ግን አንድ ቀን በአንድ ጎጆ ውስጥ ስም ወጥቶላቸው ነበር።

ስለዚህ ከቤይሩት የተመለሰች እናት ልጇን «ቤይሩት» ብትላት አልከራከራትም። ጫማዬን አውልቄ አዳምጣታለሁ። ሲድኒ ኖሮ፣ ሲድኒ ላይ አግኝቶ አጥቶ፣ ልጁን ሲድኒ የሚል አባትም ጌርሳም ያለውን አባት ይመስላል። ሕጌ አንድ ነው፤ ልጁ አድጎ «ለምን እንዲህ አላችሁኝ?» ሲል የሚነገረው ታሪክ ይኑር። «ዝርዝር ላይ አገኘነው፤ ደስ አለን» የሚለው መልስ ለልጅ አይበቃም። ስም ማውጣት የወላጅ መብት ነው ይባላል። እውነት ነው። መብቱን ለማያውቁት ዝርዝር አዘጋጅ አሳልፈው የሰጡት ግን ራሳቸው ወላጆቹ ናቸው።

ተፈጥሮ ነው የምትፈልገው? በመስኮትህ ተመልከት። ወደ ሦስት ሺህ ሜትር የሚጠጋው ዳሞታ ከከተማህ በላይ ቆሟል። ቢላቴ ቀዩን አፈርህን ጠርጎ ወደ አባያ ይወርዳል፤ የሐይቁ ውኃ መቅላቱም ከዚያው ደለል ነው። አጆራ ላይ ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ከገደል ይወረወራሉ። አሰሳ ነው የምትፈልገው? በዳሞታ ጎን ሞቼና ቦራጎ የተባለ ዋሻ አለ። የሥነ ቍፋሮ ሊቃውንት ከ40 ሺህ ዓመት በላይ የሆነ የሰው ልጅ የሥራ መሣሪያ አውጥተውበታል። ቦቴጎ ደረስኩበት ከማለቱ በፊት ስንት ትውልድ ደርሶበት፣ እሳት አንድዶበት፣ ልጅ ወልዶበት እንደነበር አስብ። እነዚያም ልጆች ስም ነበራቸው። ጦና፣ ጋጋ፣ አማዶ፣ ኦጋቶ የሚሉት የነገሥታቱ ስሞች ደግሞ ከአያቶች ጋር ወደ መቃብር እየወረዱ ናቸው። በወላይትኛ ስም «ሱንታ»፣ መንገድ «ኦጊያ» ነው። ስሙም መንገዱም በገዛ ቋንቋህ እያለ የሰው ካርታ መበደር ለምን አስፈለገ?

ወዳጄ ይህን ቢያነብ እንደሚቀየመኝ እገምታለሁ። ቢሆንም አንድ ነገር ልንገረውና ላብቃ። ባለፈው እሑድ ቤቱ ነበርኩ። ልጅቱ መዳህ ጀምራለች። አባቷ «ሲየና! ሲየና!» አለ፤ ከምንጣፉ ላይ ቀና አላለችም። አያቷ ቡናቸውን ከጀበናው እየቀዱ፣ ራሳቸውን እንኳ ሳያዞሩ፣ «ሲኒ» አሉ።

ልጅቱ ዞረች።

አያቷ ከተማዋን አያውቋትም፤ ሲኒን ግን በየቀኑ ያጥቡታል፣ ይሞሉታል፣ ለጎረቤት ያቀብሉታል። ልጅቱ አድጋ ለምን ሲኒ እንደተባለች ስትጠይቅ የሚነገራት ታሪክ አለ፤ አያቷ ከቦሎሶ ቅቤ ይዘው የመጡባት ያቺ ቀን። ማርጋሪታ ከካርታው ላይ ጠፋች። አባያ ግን እዚያው ነው፤ የሚጠሩት ሰዎች አጠገቡ ስላሉ።