ከድረ ገጽ ስለሚሰበሰብ ጽሑፍ ሽያጭና ስለ ባለቤቱ መብት

የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሸለቆ በበጋ ወራት ልምላሜው ስለማይጠፋ፥ በከሚሴ ዙሪያ የሚኖሩ ከብት አርቢዎች ብቻ ሳይሆኑ ከአፋር ቆላ የሚመጡትም መንጋቸውን ያሰማሩበታል። ሣሩ ለብዙ ሰው ነው፤ በሣሩ ላይ የተሰማራው ላም ግን እያንዳንዱ ባለቤት አለው። መስኩ የጋራ ነው ብሎ የሰው ላም እየነዳ ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ የሚያወጣ ሰው ቢገኝ፥ ሌባ ከመባል የሚያድነው ምክንያት የለም።

በድረ ገጽ ላይ በሚገለጠው ጽሑፍ፥ ሥዕልና ድምፅ የሚደረገው ንግድ ይህንኑ ፍርድ የሚሻ ሆኖአል። ድረ ገጹ ለሚያነብ ሁሉ የተከፈተ ስለ ሆነ፥ በዚያ የተገኘውን ሁሉ ሰብስቦ መሸጥ የተፈቀደ የሚመስላቸው ሰዎች በዝተዋል። አንዳንዱ ዘፈንና መንዙማ እየቀዳ በሚሞሪ ካርድ ጭኖ ይሸጣል፤ አንዳንዱ የሌላውን ድርሰት ለቃቅሞ በራሱ ስም ያሳትማል፤ በውጭ አገርም ታላላቅ ኩባንያዎች በኮምፒውተር ኀይል እጅግ ብዙ ገጽ እየሰበሰቡ ይነግዱበታል።

ሕጉ ግን የታወቀ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ። የደራሲው መብት ሥራው ከተሠራ ጀምሮ ያለ ምዝገባ የጸና ነው፤ የጥቅሙም መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ምንጩንና ስሙን ገልጦ በልክ መጥቀስ የተፈቀደ ሲሆን፥ አባዝቶ መሸጥ ግን ያለ እርሱ ፈቃድ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ሕጉ ሁሉን አላጠረም። ሐሳብ፥ ዘዴና ተራ መረጃ፥ እንዲሁም ሕግን የመሰለ የመንግሥት ይፋ ጽሑፍ በዚህ መብት አይያዙም። ስለዚህ በባቲ ገበያ በሬ በስንት ብር እንደ ተሸጠ መዝግቦ ወሬውን መሸጥ ለማንም የተከለከለ አይደለም፤ ስለ ዋጋው ሌላ ሰው የጻፈውን ሐተታ እንዳለ ገልብጦ መሸጥ ግን ጥፋት ነው። በባቲ ስም የሚጠራው ቅኝት የማንም የግል ርስት አይደለም፤ በዚያ ቅኝት ተዘፍኖ የተቀዳው ዘፈን ግን የደራሲው፥ የዘፋኙና የአስቀራጩ መብት አለበት።

የሰብሳቢው ድካምስ ዋጋ የለውምን? በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1991 እ.ኤ.አ. የስልክ ባለቤቶችን ስም በፊደል ተራ መደርደር ብቻውን የድርሰት መብት እንደማያሰጥ ፈረደ። የአውሮፓ ኅብረት በ1996 እ.ኤ.አ. ብዙ ገንዘብ አውጥቶ መረጃ ለሚያጠናቅር ሰው የ15 ዓመት ልዩ መብት ሰጠ። የኢትዮጵያ አዋጅ የሚጠብቀው በአመራረጡና በአደራደሩ አዲስ የሆነውን ስብስብ ነው፤ ይኸውም የሰብሳቢው መብት በውስጡ ያሉትን የባለቤቶቹን መብት አይሽርም።

የጥንት ጸሐፍት በብራናቸው ላይ መጽሐፉን የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን በአንድነት ያወግዙ ነበር። ሁለቱ ጥፋት ዛሬም አለ፤ ያለ ፈቃድ የሚሸጥ ሰርቋል፥ የደራሲውን ስም አጥፍቶ የሚያወጣም ፍቋል። አዋጁ የሚጠብቀው የጥቅምና የክብር መብት እነዚሁ ናቸው።

የወሎ መንዙማ ደራሲና የታሪክ ጸሐፊ ከድካሙ ፍሬ ካልቀመሰ ነገ የሚጽፍ አይገኝም። በሌላ በኩል ሕጉን ሳያውቅ በትንሽ ሱቅ የሚነግደው ወጣት እስራት በሚያደርስ ክስ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የንግድና የባህል ሹማምንት ከመቅጣት አስቀድመው ሊያስተምሩ፥ ለሚነግደውም ሰው ባለቤቱን ፈልጎ ፈቃድ የሚያገኝበትን መንገድ ሊያሳዩት ይገባል። የሚሰበስብም ሁሉ ከመሸጡ በፊት ላሙ የማን እንደ ሆነ ይጠይቅ።