«ለምን አልጮኽሽም?» የሚለው ጥያቄና የዳኞቻችን ሥልጠና

ዛሬ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ጨጓራ አይደለም የምጽፈው፤ ስለ ፍርድ ቤት ነው። «ሐኪምን ከፍርድ ቤት ምን አገናኘው?» እንዳትሉኝ። የተደፈረችን ልጅ መርምረን ማስረጃ የምንጽፈው፣ ቀጥሎም ምስክር ሆነን የምንቆመው እኛ ነን።

አንድ ጊዜ እንዲህ ቆሜ ነበር። የት እንደሆነ ይቅር። ልጅቷ ሕክምና ያገኘችው በአራተኛው ቀን ነው። ሰውነቷ ላይ ጭረት የለም። ስትናገር አታለቅስም፤ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለም ታምታታለች። ከችሎቱ የተነሳው ጥያቄ «ጎረቤት እያለ ለምን አልጮኸችም?» የሚል ነበር።

እስቲ እናንተ መልሱ። ሌሊት መንገድ ላይ ጅብ ፊት ለፊት ገጥሟችሁ ያውቃል? አፍ ይተሳሰራል፣ እግር ይከዳል። ከባድ ፍርሃት ሲመጣ አንጎላችን መታገልን ወይም መሸሽን ብቻ አይመርጥም፤ ሰውነትን ማድረቅም አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ የስቶክሆልም ጥናት የተደፈሩ 298 ሴቶችን ጠይቆ 70 በመቶዎቹ በድርጊቱ ወቅት ሰውነታቸው እንደደረቀ ተናግረዋል። ትዝታም እንዲሁ ነው፤ ሽታውና ድምፁ ቁልጭ ብሎ ይቀራል፣ ቅደም ተከተሉ ይጠፋል። ያለ እንባ መናገርም የድንጋጤ አንዱ መልክ ነው።

መዘግየቱንስ? ከመሰላ ገጠር ቀበሌ ጭሮ ለመድረስ መንገዱም ገንዘቡም አለ። ከዚያ በፊት ደግሞ ነገሩ በሽማግሌ ይለቅ የሚል ዘመድ አለ። ልጅቷ ቀኗን የመረጠችው ራሷ አይደለችም።

ሕጉ ጩኸት አይጠይቅም። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 620 በኃይል ብቻ ሳይሆን በብርቱ ዛቻ ወይም መከላከል እንዳትችል አድርጎ መድፈርንም ይጨምራል።

እኛ የጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃዳችንን ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰድ ግዴታችን ነው። የኦሮሚያ ዳኞችም አዳማ ላይ የሥልጠናና የሕግ ምርምር ኢንስቲትዩት አላቸው። የእኔ ጥያቄ ወረዳ ላይ ለዓመታት ሲያስችል ለኖረው ዳኛ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ትዝታ፣ ስለ ሱስና ስለ አእምሮ ሕመም በየጊዜው የሚነግረው ማነው የሚል ነው። እንግሊዝ አገር ከባድ የወሲብ ጥቃት ጉዳይ የሚያይ ዳኛ ለዚሁ የተለየ ሥልጠና መውሰድ አለበት። እኛ ጋ ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ጭሮ ላይ የዞኑ ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግና ሐኪሞች በዓመት ሁለት ቀን ቢቀመጡ አንድ ነገር ነው።

«ሐኪም ዳኛን ካስተማረ ነጻነቱ የት አለ?» የሚል አይጠፋም። ስጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንቀጽ 51 ራሱ ተከሳሹ የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ሲያሳይ ፍርድ ቤቱ ባለሙያ እንዲጠይቅ ያዛል፤ ሳይንሱን ከባለሙያው ይቀበላል፣ ሕጋዊውን ድምዳሜ ግን ራሱ ይሰጣል። እዚህም እንደዚያው ነው። ልጅቷ አለመጮኋ ተከሳሹን ጥፋተኛ አያደርገውም፤ ንጹሕም አያደርገውም። ዳኛው ሌላውን ማስረጃ ይመዝን።

ወቀሳው ለእኛም ይድረስ። ፍርድ ቤቱ በአፋን ኦሮሞ ይሠራል፣ ልጅቷ በአፋን ኦሮሞ ተናገረች፣ እኛ ግን በማይነበብ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ጽፈን እንልካለን! ይባስ ብሎ ስለ ድንግልና የምንጽፍ አለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ይህ ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጾ እንዲቆም ጠይቋል። ዳኛው ስለ እሱ ቢጠይቀን ያስተማርነው እኛው ነን።

ለቤተሰብ ደግሞ፦ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ልጅቷ ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን ልብስ በወረቀት ከረጢት ይዛችሁ ጤና ተቋም ውሰዷት። የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሠራል፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ታጥባም ከሆነ፣ ቀኑ አልፎም ከሆነ አምጧት።