ከጅቡቲ በመኪና

የመጽሔታችን የዚህ እትም እንግዳ ሲድሊ የተባለችው የእንግሊዝ ስሪት አሮጌ መኪና ናት። ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ያስገባት በ1900 ዓ.ም. ነው።

ያኔ ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር። የመኪና መንገድ፣ ማደያ፣ ጋራዥ የሚባል ነገር የለም። የዘመኑ ሞተር በቁልፍ አይነሳም፤ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ በብረት ዘንግ ይዘውረዋል፤ ሞተሩ መልሶ ከመታ ደግሞ የእጅ አንጓ ይሰብራል። እንዲህ ያለችውን ይዞ በረሃ መግባት ድፍረት ብቻ አይደለም፤ ትንሽ እብደትም ሳይኖርበት አይቀርም።

አዲስ ነገር የማያስፈራቸው አፄ ምኒልክ ሳይውሉ ሳያድሩ ተሳፈሩባት።

ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልዝ ናኬ የተባለች መኪና ይዞ ደረሰ። ናኬ ድሬስደን አጠገብ፣ ኮስቪግ ውስጥ ትሠራ የነበረች፣ ዛሬ ስሟ የተረሳ መኪና ናት። የሁለቱም ጉዞ በመጽሐፍ ወጥቷል፤ የሆልዝ እ.ኤ.አ. በ1908፣ የቤንትሊ በክሊፎርድ ሀሌ ብዕር በ1913።

ዛሬ ጁባ፣ ካስተም ገበያ፣ በቦዳቦዳ ሞተር ሳይክሎችና በሃያስ ሚኒባሶች ግርግር መሃል መጽሔቱን የሚገልጥ ሐበሻ ሾፌር ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መለዋወጫ ይሆናል። የውስጥ ገጾቹም የሚጀምሩት ከዚያው ነው።