የሚያስፈራ ተረትና የመፀው ጨዋታ

ክረምት አልፎ፥ ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ መፀው ሲገባ፥ ሌሊቱ ይረዝማል፤ ብርዱም ይበረታል፤ ቤተ ሰብም ከእሳት ዳር መሰብሰብን ይወዳል። በዚህ ወራት ልጆች አብልጠው የሚለምኑት ሁለት ነገር ነው፤ በቀን ኳስ፥ በማታ የጭራቅ ተረት። አንዳንድ ወላጆች ግን ኳሱ ልብስ ይቀድዳል፥ ተረቱም እንቅልፍ ይነሣል እያሉ ሁለቱንም ይከለክላሉ። እኛ መጽሐፍንም ኳስንም የምንወድ ስለ ሆንን፥ የሁለቱን ጥቅም ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናስረዳ ወደድን።

አሜሪካዊው ደራሲ ዋሽንግተን ኧርቪንግ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1820 ዓ.ም. ባሳተመው ታሪክ፥ አንድ የትምህርት ቤት መምህር በመፀው ሌሊት ከግብዣ ሲመለስ ራስ የሌለው ፈረሰኛ ያሳድደዋል። በማግሥቱ የተገኘው ግን የመምህሩ ባርኔጣና የተሰባበረ ዱባ ነው። አሳዳጁ መንፈስ ይሁን፥ ወይስ ስለ አንዲት ልጃገረድ የሚፎካከረው ጐረምሳ ይሁን፥ ፍርዱ ለአንባቢው ተትቷል። እንግሊዛዊቱ ሜሪ ሼሊ ደግሞ በ1818 ዓ.ም. ባወጣችው «ፍራንከንስታይን» በተባለው መጽሐፍ፥ አንድ ሊቅ ከሙታን አካል ፍጥረት ሠርቶ፥ መልኩ ቢያስፈራው ጥሎት ይሸሻል። ፍጥረቱም ክፉ የሆነው ሰዎች ሁሉ ስለ መልኩ ስላባረሩት ነው። መጽሐፉን አስተውሎ ያነበበ ሰው፥ ከፍጥረቱ ይልቅ የሰዎቹን ጭካኔ ይፈራል።

የጨዋታም ነገር እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በየራሱ ሥርዓት ኳስ ይጫወት ነበር። በ1863 ዓ.ም. ኦክቶበር 26 ቀን በሎንዶን የእግር ኳስ ማኅበር ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት ሕግ ሲጻፍም የባላጋራን ቅልጥም መርገጥ ተከለከለ። ይህን ክልከላ ጠልቶ የወጣ ቡድን ነበር፤ ጨዋታው ግን በዓለም ሁሉ የተስፋፋው በሕጉ ነው። በአገራችንም በገና ጨዋታ ሎሌ ጌታውን ቢያሸንፍ ቍጣ የለም፤ ሜዳው ያን ቀን ሁለቱን እኩል ያደርጋቸዋልና።

እንግዲህ መልካም ተረትና መልካም ጨዋታ የሚመሳሰሉት ሁለቱም ወሰን ስላላቸው ነው። ልጅ በተረቱ ፍርሃትን፥ በጨዋታውም ቍጣንና ሽንፈትን ይለማመዳል፤ ሲያልቅም ሁሉን እዚያው ትቶ ይነሣል።

ወሰን የሌለው ተረት ግን አለ። ሸክላ ሠሪው ቡዳ ነው፥ ብረት ቀጥቃጩ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው ወሬ ከእሳት ዳር ይጀምራል፤ ነገር ግን ሲነጋ አያልቅም። ልጁ በጠዋት ጐረቤቱን ሲያይ ይሸሻል፤ ባደገም ጊዜ ከእርሱ ጋር ማዕድ መቍረስንና መጋባትን ይጸየፋል። ምስክር የማይጠየቅበት፥ ተከሳሹም መልስ የማይሰጥበት ፍርድ ማለት ይህ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ነገር ግን አዋጅ ከእሳት ዳር ወሬ ውስጥ በቀላሉ አይገባም። እዚያ ሊከለክል የሚችል ወላጅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ በዚህ መፀው ለልጆቻችሁ የሚያስፈራውን ተርኩላቸው፤ ኳሱንም አትንሡአቸው። ነገር ግን ተረቱን ሳትፈጽሙ አታስተኙአቸው፤ ለጭራቁም የጐረቤታችሁን ስም አትስጡት።